ገብስ ያልነካው ጋን

ይህን የምጽፈው አንዲት ጠላ ጠማቂ እናትን ለማመስገን ነው። እግረ መንገዴንም እንደ እኔ የሴሊያክ ሕመም (ስንዴና ገብስ የማይስማማው የአንጀት ሕመም) ላለበትና ሐዋሳ ወይም አካባቢዋ ለሚኖር ሰው፣ ሳይፈራ የሚጠጣበትን ቤት ለመጠቆም ነው። ስማቸውን አልጽፍም። «ስሜን በየቦታው አታዙረው፤ የሚፈልግ ሰው ካለ አንተው ራስህ ይዘኸው ና» ብለውኛል። እኔም እዚህ እንደምጠራቸው እትዬ ብቻ እላቸዋለሁ።

ሕመሙ የታወቀልኝ በ44 ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ለስድስት ዓመት አንዴ ጨጓራ፣ አንዴ አሜባ፣ አንዴ ጃርዲያ እየተባለ የዋጥኩት ኪኒን ለአንድ ቀበሌ ይበቃ ነበር። የደም ማነሱ ግን በብረት ኪኒን ሊሻለው አልቻለም። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሐኪም «የሚብስብህ ዳቦ ስትበላ ነው ወይስ እንጀራ?» ብላ ጠየቀችኝ። ያን ያህል ዓመት ስመላለስ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። የደም ምርመራ ተደረገ፤ ቀጥሎም በኢንዶስኮፒ ከትንሹ አንጀቴ ናሙና ተወሰደ። ምግብ የሚመጥጡት እንደ ከፋይ ጸጉር ያሉ ጥቃቅን ነገሮች ተመድምደው ተገኙ። በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው የፈረንጅ እህል ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን ሲገባ፣ የሰውነቴ መከላከያ የገዛ አንጀቴን ይወጋል ማለት ነው። መድኃኒት የለውም፤ እስከ ዕድሜ ልክ መከልከል ብቻ።

ለምግቡ ብዙም አልተቸገርኩም። ጤፍ ግሉተን የለበትም፤ ቆጮም የለበትም። እንጀራው ላይ ስንዴ ወይም ገብስ እንዳይደባለቅ ቤት እንጋግራለን። አጃ በሚለው ስም የስንዴ ዘመድ የሆነ ጥንታዊ እህልም ስለሚጠራ እርሱንም ትቻለሁ።

የከበደኝ መጠጡ ነው። ቢራው በሙሉ የገብስ ብቅል ነው፤ የቢራ ፋብሪካ ባላት ከተማ ውስጥ ለስላሳ ይዞ መቀመጥ ምን እንደሚመስል የተቀመጠ ያውቀዋል። አልኮል የለውም ተብሎ የሚቀርብልኝ የማልት መጠጥም ያው ገብስ ነው፤ ሻሜታም እንዲሁ። ቦርዴ በአመዛኙ በቆሎ ቢሆንም ብቅሉ ከምን እንደሆነ ሳይጠይቁ አይቀመስም። ጠጅ ማርና ጌሾ ብቻ ከሆነ ይሆነኛል፤ ግን በየሳምንቱ ጠጅ የሚጠጣበት ኪስ የለኝም። ለቅሶ ቤት፣ ማኅበር፣ ሠርግ ስሄድ ደግሞ ብርጭቆዬን በመዳፌ ስከድን ሁሉም የየራሱን ምክንያት ይሰጠኛል። ጠበል የጀመርኩ፣ የተሳልኩ፣ ሃይማኖት የቀየርኩ ሆኛለሁ። አንድ አዛውንትማ «በቤቱ ቂም ይዞ ነው» ብለው ሊያስታርቁኝ ተነሥተው ነበር።

የእህቴ ልጅ ከጀርመን ስትመጣ ከግሉተን ነፃ የሚል ቢራ ይዛልኝ መጣች። ጽሑፉን ሳነብ ሁለት ዓይነት መሆኑን አወቅሁ። አንዱ ከመነሻው ከማሽላ የተጠመቀ ነው። ሌላው ግን ከገብስ ተጠምቆ ግሉተኑ በኢንዛይም የተሰባበረ ነው፤ ይህኛው በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በታች ነው ቢባልም፣ ስብርባሪውን በተለመደው ምርመራ በትክክል መለካት ስለሚያስቸግር ለእኛ ዓይነቱ አስተማማኝ አይደለም። የማሽላውን ጠጣሁ፤ ደስ ይላል። ግን አራት ጠርሙስ ስንት ቀን ይቆያል?

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ፈረንጁ በስንት ዋጋ የሚሸጠው የማሽላ ቢራ ከእኛ ጠላ በምን ይለያል? ዳጉሳም፣ ማሽላም፣ በቆሎም ግሉተን የለባቸውም። ችግሩ ብቅሉና አሻሮው ገብስ፣ ድፍድፉ ላይ የሚገባው ቂጣም ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ መሆኑ ነው። እናም ጠላ ቤቶችን መዞር ጀመርኩ። «ገብስ አለበት?» ስላቸው አንዷ የጥራት ጥያቄ መስሏቸው «እንዴታ! ምርጥ ገብስ ነው» አሉኝ። ሌላዋ «የለበትም» ብለው ካስቀመጡኝ በኋላ «ለብቅሉ ያህል ትንሽ ናት» አሉ። እንዲህ እያልኩ አምስት ቤት አዳረስኩ።

ስድስተኛዋ እትዬ ናቸው። ተወላጅነታቸው ጎጃም ነው፤ ሐዋሳ ከታቦር ተራራ ግርጌ ልጆች ወልደው ኩለው ድረዋል። ጥያቄዬን ሰምተው ወዲያው አልመለሱልኝም። «ብትጠጣው ምን ትሆናለህ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው «እንግዲያው የእኔም አይሆንህም። ጋኑም፣ ወንፊቱም፣ እጄም ገብስ ነው» አሉ። እኔ ለራሴ ቤተሰብ ለማስረዳት ስንት ወር የፈጀብኝን ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሱት። ሐኪም ቤት የነገሩኝም ይኸንኑ ነበር፤ ዱቄት ከቆየበት ዕቃ የሚነካካ ጥቂት ብናኝ እንኳ ለመጉዳት ይበቃል።

«ሁለት ሳምንት ስጠኝ» አሉኝ። አዲስ ጋን ገዝተው በግራዋ አጥበው፣ በወይራ አጠኑት፤ ሌላ እህል ሊያገባበት የሚሞክር ልጅ ቢኖር ብለው አፉ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰሩበት። ዳጉሳውን አንድ ቀን ነክረው በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ድንጋይ ጫኑበት፤ ሲበቅል ፀሐይ ላይ አሰጡት። ገብስ ደጋግሞ ያለፈበት የወፍጮ ቤት ድንጋይ ስለማይታመን ብቅሉን ቤታቸው ባለው ወፍጮ በመጅ ፈጩት። የአሻሮው ነገር በተቆላ ማሽላ፣ የቂጣው ደግሞ በበቆሎ ተተካ። ጌሾው እንደወትሮው ነው።

የመጀመሪያው ጥንስስ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ኮምጣጣ ነበር፤ ራሳቸውም ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱ። ሁለተኛው ግን ቡናማ፣ የወይራው ጢስ የሚሸት፣ ጌሾው ምላስ ላይ የሚቀር ጠላ ሆነ። ቢራ ነው አልልም፤ አረፋው የለም፣ ቅዝቃዜውም የጋን ቅዝቃዜ ነው። ሆኖም ከሦስት ዓመት በኋላ ከሰው ጋር እኩል ብርጭቆ አንሥቼ ስጠጣ የተሰማኝን ለመግለጽ አልሞክርም። ዋጋውም ከተራው ጠላ ትንሽ ቢወደድ እንጂ፣ ሆቴል በአንድ ጠርሙስ ቢራ ሒሳብ አንድ ሊትር ተኩል ይዤ እወጣለሁ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ግን አንድ ቅዳሜ በሆነው ነገር ምክንያት ነው። ማኅበር ቤቴ ነበር፤ ባጃጅ ተከራይቼ ጀሪካኔን ይዤ ሄድኩ። እትዬ እጃቸው በጨርቅ ታስሮ ደጃፍ ላይ ጠበቁኝ። «ልጄ፣ ባዶ እጅህን ተመለስ» አሉኝ። እጃቸውን አቃጥለውት መጅ መያዝ ስላልቻሉ ብቅሉን ልጃቸው ወፍጮ ቤት አስፈጭታዋለች፤ ከእርሷ ፊት ደግሞ ስንዴ ያስፈጨ ሰው ነበር። ጠላው ደርሷል፤ ጥሩ መዓዛም አለው፤ ሰጥተውኝ ቢሆን ኖሮ ማወቂያ አልነበረኝም። ለጎረቤት በተራው ዋጋ ሸጠውት ኪሳራውን ዋጡ፤ ጋኑንም ለእኔ አይሆንም ብለው ለገብሱ አደረጉትና ሌላ አዲስ ገዙ። ልከፍል ስል ተቆጡኝ።

በዓመቱ የደም ምርመራዬ ተስተካክሎ ነበር፤ ለሐኪሟም ስለ ጠላው ነግሬአታለሁ፤ ምርመራው እስከተስተካከለ ድረስ እንድቀጥል ፈቅዳልኛለች። ጠላው ራሱ ግን ላብራቶሪ ገብቶ የተለካ አይደለም። ሕመሙ ገና የተነገረው ሰው አንጀቱ እስኪድን ቢታገሥ እመክራለሁ።

ለሚፈልግ ሰው፦ ታቦር ድረስ እኔው ይዤ እሄዳለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት ማዘዝ ያስፈልጋል፤ በዐቢይ ጾም መጨረሻ ደግሞ ለፋሲካ የሚጠምቁት ስለሚበዛባቸው ቀደም ብላችሁ ንገሯቸው። ጀሪካኑ አዲስ ይሁን። ሌላ ጠላ የነበረበት ዕቃ ይዞ የመጣን ሰው፣ ታጥቧል ቢላቸውም፣ አሽትተው ይመልሱታል።