ስቴላሪስን ጅማ ውስጥ ከማስጫናችሁ በፊት ቨርዥኑን እዩ

ጅማ ያላችሁ ጌም ወዳጆች፣ ይህችን አንብባችሁ ለጓደኞቻችሁም አድርሱልኝ። ከተማችን ውስጥ ጌም የሚጭን አንድ ሱቅ ስቴላሪስን «ኦሪጅናል፣ ሙሉ፣ የመጨረሻው ቨርዥን» እያለ እየሸጠ ነው። እኔን 2,500 ብር አስከፍሎኛል። የተጫነልኝ ግን ኦሪጅናልም አይደለም፣ አዲስም አይደለም። ክራክ (ጥበቃው ተሰብሮ ያለ ፈቃድ የተቀዳ ኮፒ) ነው፣ ያውም ዓመታት ያለፉበት። ከሁሉም ያናደደኝ ስመለስ የተሰጠኝ መልስ ነው፦ «ጌሙ ምንም አልሆነም፣ አንተ ነህ ያልቻልክበት።»

ይህ መልስ ነው ብዙ ሰው ዝም የሚያሰኘው። ምክንያቱም ጌሙ እውነትም ከባድ ነው። ለማታውቁት፣ ስቴላሪስ የስዊድኑ ኩባንያ ፓራዶክስ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የጠፈር ስትራቴጂ ጌም ነው። በጌሙ አቆጣጠር በ2200 ከአንዲት ፕላኔት ትነሳላችሁ፣ ከዚያ ኮከቦችን እያሰሳችሁ፣ ጣቢያ እየሠራችሁ፣ ከጎረቤት መንግሥታት ጋር እየተደራደራችሁ ወይም እየተዋጋችሁ ትቀጥላላችሁ። ስክሪኑ ግን ገና ሲከፈት ያስደነግጣል። ከላይ የሀብት ቁጥሮች፣ በቀኝ በኩል የፕላኔቶችና የመርከቦች ዝርዝር፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ ምን እንደሆኑ የማይታወቁ ምልክቶች፣ አንዱን ስትነኩት መስኮት ይከፈታል፣ መስኮቱ ውስጥ ሌላ ታብ አለ፣ ታቡ ውስጥ ሌላ ዝርዝር። ላፕቶፓችሁ ትንሽ ከሆነ ፊደሉም ደቃቅ ነው። ስለዚህ ሻጩ «አልገባህም» ሲል ጀማሪ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል?

እኔም እንደማንኛውም ጀማሪ ዩቲዩብ ከፍቼ እያየሁ መጫወት ጀመርኩ። አስተማሪው «አሎይ ሰብስቡ፣ ያለ አሎይ መርከብም ጣቢያም መሥራት አይቻልም» ይላል፤ አሎይ ማለት ጌሙ ውስጥ ያለ የቅይጥ ብረት ሀብት ነው። የኔ ስክሪን ላይ አሎይ የሚባል ነገር የለም። ማውዙን ከላይ ባሉት ምልክቶች ላይ አንድ በአንድ እያሳረፍኩ የሚወጣውን ጽሁፍ አነበብኩ። ኢነርጂ አለ፣ ሚኔራል አለ፣ ምግብ አለ፣ አሎይ የለም። ፕላኔቷን ስከፍት ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነገር። ቪዲዮው ላይ ዲስትሪክት የሚባል የፕላኔቷ ክፍፍል አለ፣ የሥራ ዓይነት በየመደቡ ተዘርዝሯል። የኔ ላይ ግን ትንንሽ አራት ማዕዘን ሣጥኖች ተደርድረው አንዳንዱ ላይ አንድ ነዋሪ ቁጭ ብሏል። አስተማሪው «ይሄን ተጫኑ» የሚለው በተን የኔ ላይ የት አለ? የለም። ሰው ሌሊቱን ሙሉ ቢፈልገው አያገኘውም።

ነገሩን የገለጠልኝ ኪቶ ካምፓስ የሚማር፣ ጌሙን አሳምሮ የሚያውቅ ልጅ ነው። ሌላ ምንም ሳይነካ ዋናው ሜኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አሳየኝ። 2.1 ይላል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ 2.2 ሲመጣ ሣጥኖቹ ጠፉ፣ ዲስትሪክትና የሥራ መደብ ተተኩ፣ አሎይም የመጣው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት መርከቡም ጣቢያውም የሚሠራው በሚኔራል ነበር። እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ደግሞ 4.0 ወጥቶ የፕላኔቱ አሠራር እንደገና ተቀየረ። ስለዚህ ዛሬ የሚወጣ ማስተማሪያ ቪዲዮ ከተሸጠልን ኮፒ ጋር የሚገናኘው በስም ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የጀማሪው ጭንቅላት ምንም አልሆነም። የተሸጠለት ነገር ነው የተበላሸው።

ሱቁ ይህን አያውቅም እንዳትሉ። ቨርዥኑን ጠቅሼ ስጠይቅ ወሬውን አዙሮ «ለ500 ብር ቁጭ አድርገን እናሰለጥንሃለን» አለኝ። እንደገባኝ ለግራ መጋባቱም ሌላ ዋጋ ተቆርጦለታል ማለት ነው! ገንዘቤን መልሱ ስል ደግሞ «ሶፍትዌር አይመለስም» ተባልኩ። ደረሰኝም አልሰጡኝም።

ሌላም አለ፣ እሱ ከገንዘቡ የሚብስ ነው። ሲጭኑ የዊንዶውስ ዲፌንደርን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ቫይረስ መከላከያ፣ አጥፍተው ነው የጫኑት፣ «ስታበራው ጌሙ ይበላሻል» ብለውም አስጠነቀቁኝ። እባካችሁ እዚህ ላይ ቁሙ። የመመረቂያ ጽሁፋችሁ፣ የባንክ መተግበሪያችሁ፣ ፎቷችሁ ያለበትን ላፕቶፕ ከየት እንደመጣ በማይታወቅ ክራክ የተነሳ ያለ ጠባቂ አትተዉት።

ምን ይሻላል ለምትሉኝ። «ኦሪጅናል» ካሏችሁ በራሳችሁ የስቲም (ጌም በኢንተርኔት የሚሸጥበት መደብር) አካውንት ውስጥ መግባቱን በዓይናችሁ እዩ። ኢሜይሉም የይለፍ ቃሉም የናንተ ይሁን። የሻጩን አካውንት ተከራይታችሁ ከሆነ በፈለገ ቀን ይቀይረዋል፣ አካውንት መሸጥና ማስተላለፍ ደግሞ በስቲም ደንብም ክልክል ነው። እዚህ ሆኖ በዶላር መክፈል ፈተና መሆኑን አውቃለሁ፣ የጌሙ መደበኛ ዋጋ 39.99 ዶላር ነው፣ ተጨማሪዎቹ ለብቻ ይሸጣሉ። ግን ስቲም ላይ በቅናሽ የሚሸጥባቸው ጊዜያት አሉ፣ በቀጥታ ከስቲም የገዛ ሰውም በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ተጫውቶ ከሆነ፣ ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል። ደግሞ አፕዴቱ በራሱ ይመጣል፣ የድሮ ቨርዥን የፈለገም ከዚያው መርጦ ይጭናል።

ኮፒ ነው ብሎ በግልጽ የሚሸጥላችሁ ሰው እንኳ ቢሆን፣ ከመክፈላችሁ በፊት ጌሙን ከፍቶ ዋናው ሜኑ ላይ ያለውን ቁጥር ያሳያችሁ። ካላሳየ ውጡ። ደረሰኝ ጠይቁ፣ ምን እንደተሸጠላችሁ ቨርዥኑ ጭምር ይጻፍበት። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። እኔ የከፈልኩበትን የቴሌብር መልእክትና የስክሪኑን ፎቶ ይዤ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ፣ ተመሳሳይ የደረሰባችሁ ካላችሁ አብረን እንሂድ።

ቀድማችሁ ያስጫናችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ዲፌንደሩን አብሩና ላፕቶፑን ሙሉ ስካን አድርጉ። ቫይረስ ካገኘ ጌሙን አጥፉት፣ የይለፍ ቃሎቻችሁን ከሌላ ንጹህ ስልክ ቀይሩ። ምንም ካላገኘና ቁጥሩ 2.1 ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ከሜይ መጨረሻ እስከ ኖቬምበር የወጡ ቪዲዮዎችን ፈልጋችሁ እዩ፣ በተኖቹ እዚያ ላይ ይገናኛሉ። ግራ ሲገባችሁ ኪቦርዱ ላይ የስፔስ ቁልፍን ተጫኑ፣ ጌሙ ይቆማል፣ የፈለጋችሁትን ያህል አንብባችሁ ትቀጥላላችሁ።