ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ለየጎፍ ደን መንገድ ይሆናል?

ከኮምቦልቻ ወይም ከደሴ ተነሥቶ የጎፍን ለመውጣት ረጅሙን ሃርድቶፕ መከራየት ጥሩ ምርጫ ነው። ግን መኪናው ራሱ አያስብላችሁም። ደኑ ውስጥ ከሚቆሙት ሃርድቶፖች ብዙዎቹ የሚቆሙት አቅም አንሷቸው ሳይሆን የፊት ጎማቸው ጭራሽ ሥራ ስላልጀመረ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፊት ጎማ መሐል ላይ በእጅ የምትዞር ክብ ቁልፍ አለች፤ ሃብ ይሏታል። ፍሪ (ልቅ) ላይ ሆና ማንሻውን ኤች 4 (አራቱም ጎማ የሚገፋበት) ብታስገቡ መብራቱ ይበራል፣ የፊት ጎማ ግን አይገፋም። ስለዚህ አስፋልቱን ለቃችሁ ኮረኮንቹ ሲጀምር ወርዳችሁ ሁለቱንም ሃብ ወደ ሎክ (ቁልፍ) አዙሩ፤ አንዱን ብቻ ማዞር ምንም አይጠቅምም። በጭቃ ደርቃ አልዞር የምትል ሃብ ያለበትን መኪና አትቀበሉ። ጥርጣሬ ካለ ሜዳ ላይ አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንሡ፣ ሁለቱንም ሃብ ሎክ አድርጉ፣ ማንሻው ኤች 2 (የኋላ ጎማ ብቻ የሚገፋበት) ላይ ሆኖ ጎማውን በእጅ አዙሩት። ከካምቢዮ ወደ ፊት የሚሄደው ዘንግ አብሮ ከዞረ ደህና ነው። የኋላ ጎማ ፊትና ኋላ ድንጋይ መወተፍ እንዳይረሳ።

ሞተሩ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4,164 ሲሲ ናፍጣ ነው፤ ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ በግፊት የሚያስገባ) የለውም። ጥንካሬውም ድክመቱም እዚህ ላይ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ስለሚያጣ፣ ደሴ ከፍታ ላይ ሩብ ያህሉ ጉልበት የለም ማለት ነው። አየሩ ሲሳሳ ፓምፑ ግን ናፍጣውን ያንኑ ያህል ከረጨ ጥቁር ጭስ ይወጣል። ይህን አይቶ ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል ተበላሽቷል የሚል ብዙ ነው። ነዳጅ አብዝቶ መርገጥ ጭሱን እንጂ ጉልበቱን አይጨምርም፤ ማርሽ ቀንሱ። ዳገቱ ከከበደ ሙሉ በሙሉ ቁሙ፣ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ኤል 4 (አራቱም ጎማ በዝቅተኛ ፍጥነት በጉልበት የሚገፋበት) አስገቡና በሁለተኛ ማርሽ ተነሡ። ተርቦ ያለው ሃይሉክስ ዳገቱን በተሻለ ጉልበት ይወጣዋል፤ በመንገድ ዳር ጋራዥ በቀላሉ የሚጠገን ግን ሃርድቶፕ ነው።

ሞተሩ ዳገት ላይ ቢጠፋ መሪ አታዙሩ። ፍሬን ያዙ፣ ኋላ ማርሽ አስገቡ፣ ሞተሩን አስነሡና በመጣችሁበት መስመር ቀጥ ብላችሁ ውረዱ። መኪና የሚገለበጠው ዳገት ላይ ወደ ጎን ሲዞር ነው። ቁልቁለቱን በኤል 4 አንደኛ ማርሽ ውረዱ፤ እግራችሁ ፍሪሲዮን ላይ አይረፍ።

ጎማውን በተመለከተ፣ ብዙዎቹ 7.50 በ16 ናቸው፣ ጠበብ ያሉ። አስፋልት ላይ የነፋሱ ግፊት 40 ፒ ኤስ አይ ከነበረ ለድንጋዩና ለዛፍ ሥሩ ወደ 28 አውርዱት፤ ልዩነቱ ወገባችሁ ላይ ይታወቃል። ካላማዳሪ (ነፋስ የሚይዝ የውስጥ ጎማ) ያለው ጎማ ከ25 በታች አይውረድ። ነፋሱ ካነሰ ጎማው ቸርኬው ላይ ይንሸራተትና የካላማዳሪውን ቫልቭ ይዞት ይሄዳል፣ ከሥሩ ይቆርጠዋል። ይህን ደግሞ ጫካ ውስጥ የሚጠግን የለም። ስለዚህ የነፋስ መለኪያ፣ ፓምፕ፣ ስኮርታ ጎማና ክሪክ፣ ለክሪኩ መደገፊያ የሚሆን ወፍራም ጣውላም ሳይያዝ አይወጣም። ለስላሳ አፈር ላይ ጣውላ የሌለው ክሪክ መሬት ይገባል እንጂ መኪና አያነሣም።

በፊትና በኋላ ጎማው መካከል 2,980 ሚሊሜትር ስላለ ጠባብ መታጠፊያ ላይ የኋላው ጎማ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ዐይናችሁ ከፊቱ ይልቅ ገደል በኩል ወይም ቦይ በኩል ባለው የኋላ ጎማ ላይ ይሁን። አንድ ሰው ወርዶ ቢመራ ይሻላል። ፖርቶ ባጋሊዮው ላይ ዕቃ አትጫኑ፤ የወይራና የጥድ ቅርንጫፍ ይይዘዋል፣ መኪናውም ያጋድላል።

የኋላው ባሌስትራ ለጭነት የተሠራ ነው። ባዶውን ይዘላል፣ በጎን አግዳሚ ወንበር የተቀመጠ ሰው ቶሎ ያስታውከዋል። ከሹፌሩ ጋር ስድስት ሰው ልኩ ነው። ሁለቱን ታንከር፣ 180 ሊትር፣ መሙላት አያስፈልግም፤ ሙሉው 150 ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ ለዚህ ጉዞ የአንዱ ግማሽ ይበቃል።

ጊዜው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። በሐምሌና ነሐሴ አይሞከርም፤ ወሎ በልግም ስለሚዘንብበት በየካቲትና በመጋቢት ዝናብ ከጣለ ሁለት ፀሐያማ ቀን ጠብቁ። ደኑ ጥብቅ ስለሆነ ፈቃድ ጠይቁ፣ የተሽከርካሪ ዱካ ከሌለበት አትግቡ። እንጨት የተሸከመች እናት ወይም የተጫነ አህያ ሲመጣ ቦታ የሚለቀው መኪናው ነው፤ ዳር ይዞ ይቁም።

ወደ አስፋልቱ ስትመለሱ ማንሻውን ኤች 2፣ ሃቦቹን ፍሪ አድርጉ፣ ነፋሱንም ሙሉ። ይህ ሳይደረግ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ጥምዝምዝ መውረድ መሪውን ያከብደዋል፣ ካምቢዮውንም ይጎዳል። ወደ ኮምቦልቻ የምትወርዱ ከሆነ በሦስተኛ ማርሽ ያዙት፤ ጭቃ የነካው የፍሬን ሸራ እስኪደርቅ አይታመንም።