ሽሮ ሜዳ፦ ጥበቡ የተሸመነ ነው ወይስ የታተመ?

ከስድስት ኪሎ ተነስቶ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ሽቅብ የሚወጣው መንገድ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ሲደርስ ግራና ቀኙ ነጭ በነጭ ይሆናል። ሽሮ ሜዳ ነው። ከሱቆቹ ጀርባ ባሉት ሰፈሮች ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው ዛሬም ይሸምናሉ። ከፊት ያለው ገበያ ግን ከጀርባው የሚሸመነውን ብቻ አይሸጥም። አንድ መስቀያ ላይ ሦስት ዓይነት ቀሚስ ጎን ለጎን ይንጠለጠላል፤ ጥበቡ በእጅ የተሸመነ፣ በኮምፒውተር የተጠለፈ፣ የጥበብ ምስል የታተመበት። ሦስተኛው በብዛት ከቻይና በጥቅል የሚገባ ፖሊስተር ነው፤ ስሱን «ሽፎን» ይሉታል። «እናቴ፣ ይሄ የሸማኔ እጅ ነው፣ ንኪና እዪው» የሚለው የሻጭ ቃል ግን ለሦስቱም አንድ ነው። የገበያው ትልቁ ጉድለትም ይኸው ነው፤ ህትመት መሸጡ ምንም አይደል፣ ህትመትን በሽመና ስም መሸጡ ነው የሚያስቆጣው።

ለመለየት አሠራሩን ማወቅ ይበጃል። ሸማኔው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ታች ሰድዶ ድሩን፣ ማለትም በቁመት የተወጠረውን ክር፣ የሚያነሱትን መርገጫዎች ይረግጣል፤ በአንድ እጁ መወርወሪያውን ወርውሮ በሌላው ይቀበላል። ስለዚህ የጨርቁ ስፋት ክንዱ የፈቀደለትን ያህል ነው፤ ከ80 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ግድም። ጥበቡ ጋ ሲደርስ ሥራው ይንቀራፈፋል። ድሩን በጣቱ እየቆጠረ ቀዩን ክር በዚህኛው ስር፣ አረንጓዴውን በዚያኛው ላይ ያሳልፋል፤ አንድ ረድፍ ቀለም በጨረሰ ቁጥር ተራ ማግ፣ ማለትም አግድም የሚገባውን ክር፣ ወርውሮ ይመታዋል። ሰፊ ጥበብ ያለው ሙሉ ቀሚስ ሳምንታት የሚፈጀው ለዚህ ነው።

መለያው ሁሉ ከዚህ ይወጣል። ጨርቁን ይገልብጡ። የተሸመነ ጥበብ ጀርባው ላይ ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው የሚሻገር ልቅ ክር ይታያል፣ ቀለሙም ከፊቱ አያንስም። የታተመው ጀርባው ደብዛዛ ነው፤ ስስ ሽፎን ላይ ግን ቀለሙ ወደ ኋላ ስለሚያልፍ ይህ ብቻውን አያስተማምንም። ስለዚህ ስፋቱን ይለኩ። መጋጠሚያ ስፌት ሳይኖረው አንድ ሜትር ተኩል የሚሰፋ ጨርቅ ከጉድጓድ ሽመና አልወጣም። ጋቢ መሀል ለመሀል የሚሄደውን ስፌት እንደ ጉድለት ቆጥረው ዋጋ የሚያስቀንሱ ገዢዎች አሉ፤ ስፌቱ ግን የእጅ ሥራ ምስክር ነው።

ከሁሉ የሚጣፍጠው መለያ ስህተት መፈለግ ነው። ሸማኔ ድር ሲቆጥር አንዳንዴ ይስታል፤ አንዷ የመስቀል ክንድ በአንድ ክር ታጥራለች፣ ቀጣዩ ላይ ይታረማል። ህትመት ላይ ግን ቅርጹ የሚደገመው በማተሚያው ሲሊንደር ዙሪያ ልክ ነው፤ የተለመደው ዙሪያ 64 ሴንቲ ሜትር ነው። ንድፉ ከእውነተኛ ጥበብ ፎቶ የተነሳ ከሆነ የዚያ ሸማኔ ስህተት ራሱ በየ64 ሴንቲ ሜትሩ ቆሞ ይጠብቅዎታል። የክሩ ጥላ ሳይቀር አብሮ ይታተማል፤ ዓይን «ከፍ ያለ ነው» ይላል፣ ጣት ሲሄድበት ልሙጥ ነው። ሻጩ ከፈቀደ ከስፌቱ ጠርዝ ሁለት ክር መዝዘው ክብሪት ይለኩሱበት። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ የሚበን አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሠራል። ካልፈቀደ ጣትዎን በውሃ ነክተው ያሳርፉበት፤ ጥጥ ወዲያው ይጠጣዋል።

የታተመውን ማጣጣል ግን ቀላል ነው፣ ተገቢም አይደለም። ለ20 ሚዜ ወይም ለመዘምራን አንድ ዓይነት ቀለም ማውጣት ለሸማኔ ከባድ ነው፤ ክሩ በየነከራው ይለያያል። ህትመቱ በማሽን ይታጠባል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ዋጋው ከተሸመነው ጋር አይወዳደርም። የአገር ልብስ በከተማ በአብዛኛው በበዓል ይለበስ የነበረው በከፊል ከክብደቱና ከእጥበቱ ጣጣ የተነሳ ነው፤ ቢሮ ድረስ ያደረሰው ይህ ቀላል ጨርቅ መሆኑን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ላብ አይመጥም፣ ሲሄዱ እግር ላይ ይለጠፋል፣ ገበር ካልገባለት ገላ ያሳያል። ቡና ለማፍላት ደግሞ አይሆንም። ከከሰል ምድጃ የተፈናጠረ ፍም ጥጥን አጥቁሮ ሊያልፍ ይችላል፤ ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ረከቦት ፊት ለመቀመጥ የሚገዛ ሰው ሌላው ቢቀር ይህን ያስብ። አሰፋፉንም ይዩ፦ ለወፍራም ጥጥ በገባ 14 ወይም 16 ቁጥር መርፌ ሽፎን ሲሰፋ ስፌቱ ይኮማተራል። 9 ወይም 11 ቁጥር መርፌ ነው የሚፈልገው፤ ልብስ ሰፊው መርፌውን እንዲቀይር ሳያፍሩ ይጠይቁ።

በኮምፒውተር የተጠለፈው ከሦስቱ ደካማው ነው። ጨርቁ የሸማኔ፣ ጥልፉ የማሽን ስለሆነ የሁለቱንም መልካም ነገር የያዘ ይመስላል። ችግሩ የሚታየው ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ነው። ጥጡ ይገባል፣ የጥልፉ ፖሊስተር ክር አይገባም፤ ደረቱ ላይ ያለው መስቀል እንደ ደረቀ ቆዳ ይጨማደዳል። መፍትሔው ጨርቁ ከመጠለፉ በፊት መታጠቡ ነው፣ ይህን የሚያደርግ ግን ጥቂት ነው። ተጠልፎ ያለቀውን ከገዙ በሙቅ ውሃ አይንኩት።

የተሸመነውም ቢሆን እንከን አያጣም። ወደ ብርሃን ይያዙት፤ ማጉ ሳይመታ ተበትኖ ስታርች ያቆመው ጨርቅ እንደ ወንፊት ያሳያል፣ ሲታጠብ ደግሞ ይላላል። ቀይና ጥቁር ጥለት ቀለም ይለቃል፤ ነጭ እርጥብ ጨርቅ ፈትጎ ማየት ነው። ከመሰፋቱ በፊት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉት፣ ስለሚገባም ለቀሚስ ሲገዙ አንድ ስንዝር ይጨምሩ። በረኪና የተከለከለ ነው። በጥላ ይሰጣ፣ በጀርባው ይተኮስ፤ የሚያብረቀርቅ ክር ያለበት ላይ የጋለ ካውያ ክሩን ያኮማትረዋል።

«ክሩም እኮ የውጭ ነው፣ ታዲያ ምን ልዩነት አለው?» የሚል ሻጭ ይገጥምዎታል። ግማሽ እውነት ነው። ዛሬ ንጹህ ፈትል የሚባለው እንኳ ብዙ ጊዜ ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ ብቻ የእንዝርት ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በብሪቲሽ ሙዚየም ያለው፣ ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝመው የጎንደር ዘመን የሐር መጋረጃ ክሩ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ያኔ የመጣው ክር ነው፣ ንድፉንና እጁን የያዘው የአገሩ ሠሪ። አሁን የሚሄደው ንድፉ ነው፤ አንድ ሠርግ ላይ የታየ ጥበብ በስልክ ፎቶ ወጥቶ፣ ታትሞ፣ ያወጣው ሸማኔ ደጃፍ ላይ በሜትር ይሸጣል። ምዕራብ አፍሪካ በዚህ ቀድማናለች። እ.ኤ.አ. በ1846 በሆላንድ የተቋቋመው የጨርቅ አምራች ቭሊስኮ የጃቫን ባቲክ፣ ማለትም በሰም እየተሸፈነ የሚቀለመውን የኢንዶኔዥያ ጨርቅ፣ በማሽን አስመስሎ አትሞ እዚያ ሲሸጥ ኖሮ፣ ዛሬ እሱኑ የሚኮርጁ የቻይና ህትመቶች ገበያውን ሞልተውታል። በእጅ የሚሸመነው የጋና ጨርቅ ኬንቴም እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ ቢመዘገብም የታተመ ኬንቴ ገበያ ላይ መታየቱ አልቀረም።

ህትመቱ አንድ ነገር ደግሞ በዝምታ ይቀይራል። የሸማኔ ነጠላ ጥለቱ ያለው በሁለቱ ጫፎች ነው፤ ለለቅሶ ጥለቱ ወደ ላይ ወደ ፊት ይዞራል፣ ለደስታ ወደ ታች ይወርዳል። በጥቅል የሚመጣው ህትመት ግን ጥለቱ አብዛኛውን ጊዜ የጥቅሉን ርዝመት ተከትሎ በጎን ይሄዳል። ከዚያ የተቆረጠ ነጠላ ለለቅሶ ቤት እንዴት እንደሚዞር ለእናቶች እንቆቅልሽ ነው። ጫፉም በተቆጨ ክር ፈንታ በማሽን ስለሚታጠፍ የሚዘናፈል ነገር የለውም። ነጠላ ከሆነ የሚገዙት፣ የታተመውን ጨርሶ ይተዉት።

ለሠርግና ለክርስትና የሚሆን ቀሚስ ከሱቅ ከመግዛት ከጀርባ ገብቶ ሸማኔ ማዘዝ ይሻላል። ከእንቁጣጣሽ፣ ከጥምቀትና ከፋሲካ በፊት ያሉትን ሳምንታት ይራቁ፤ ሥራ ይጣደፋል፣ ማጉም ይሳሳል። የድሩን ዓይነት፣ የጥበቡን ስፋት በሴንቲ ሜትር፣ የቀለሙን ናሙና ክር ቆርጠው ይስጡ፤ የስልክ ፎቶ ቀለም ያታልላል። ቀብዱ የክሩን ዋጋ ይሸፍን። ጥበቡ አንድ ስንዝር ሲደርስ ሄደው በመሸመኛው ላይ እንዳለ ይዩት፤ ቀለም መቀየር የሚቻለው እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው።