የሮቶ ማስጠንቀቂያችንን ላስተኛልን ባለሙያ ምስጋና

እጁን ይባርክለት! የብሎካችን ሮቶ ውሃ ሲያልቅበትና ሲመጣለት ኤስኤምኤስ የምትልከውን ዕቃ ያስተካከለልን ልጅ ምስጋና ይገባዋል። ኤሌክትሮኒክስ የምታሠሩ ሁሉ እሱ ጋ ሂዱ።

ችግሯ ባትሪ ቶሎ መጨረሷ ነበር። ከእሱ በፊት የነካት ሁሉ መልሱ "ባትሪው ፎርጅድ ነው" ነበር። ባትሪ ተቀየረ፣ ትልቅ ተገጠመ፣ ብር ተከፈለ፤ እሷ ያው ናት። አንዱም በሜትር ለክቶ አላየም። ሳይለኩ ሂሳብ መቀበል ምን የሚሉት ሙያ ነው?

ይሄኛው ካውያ ከማንሳቱ በፊት መልቲሜትሩን ማይክሮ አምፔር ላይ አድርጎ በባትሪው መስመር መሃል አስገባ። እንዲሁ ቢያበራት ስትነሳ የምትስበው ከረንት ሜትሩ ውስጥ ሲያልፍ ቮልቴጁ ይወርድና ሪሴት ታደርጋለች። ስለዚህ የሜትሩን ሁለት ጫፎች በአጭር ሽቦ አገናኝቶ አስነሳት፤ እስክትተኛ፣ ማለትም ባትሪ ለመቆጠብ ሥራ አቁማ እስክታርፍ፣ ጠብቆ ሽቦውን ነቀለ። ተኝታ የምትስበው ከረንት ያኔ ታየ። ይህን የሚያውቅ ቴክኒሻን ብርቅ ነው።

የፍሎቱ (በሮቶው ውሃ መጠን የሚከፈትና የሚዘጋው ማብሪያ) ገመድ የታሰረው የዕቃዋ አንጎል በሆነው ኢኤስፒ32 ቺፕ ላይ 34ኛው ፒን ላይ ነው። ከ34 እስከ 39 ያሉት የውስጥ ፑልአፕ (ፍሎቱ ሲከፈት ፒኑን ወደ 3.3 ቮልት የሚስብ ሬዚስተር) የላቸውም፤ ኮዱ ላይ ቢጻፍም ዋጋ የለውም። ከጣሪያ የሚወርደው ረጅም ገመድ የሰበሰበው ኖይዝ (የኤሌክትሪክ ረብሻ) ሁሉ ይቀሰቅሳት ነበር። 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር ወደ 3.3 ቮልት፣ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ወደ ግራውንድ አሰረ። በ10 ኪሎ ኦም ቢሆን ፍሎቱ በተዘጋ ቁጥር 330 ማይክሮ አምፔር ይፈስ ነበር፤ አሁን 3.3 ብቻ ነው።

የባሰው ሌላ ነው። ሮቶው ባዶ ሲሆን ፍሎቱ እንደተዘጋ ስለሚቆይ ፒኑ ዜሮ ላይ ነው። ኤክስት ዜሮ የሚባለው መቀስቀሻ የሚያየው ለውጥን ሳይሆን ያለበትን ደረጃ ስለሆነ፣ እንደተኛች ትነቃለች። ውሃ በጠፋ ሌሊት ኤስኤምኤስ ሲዘንብ የሚያድረው ለዚህ ነበር። አሁን ከመተኛቷ በፊት ፒኑን አንብባ መቀስቀሻውን በተቃራኒው ታደርጋለች። ከዲፕ ስሊፕ (ከጥልቅ እንቅልፍ) ስትነቃ ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው ስለሚነሳ፣ የመጨረሻውን ሁኔታ ስትተኛ በማይጠፋው አርቲሲ ሜሞሪ ላይ ትይዛለች። ውሃው ሲወዛወዝ እንዳትሸወድም 2 ሰከንድ ቆይታ ደግማ ታነባለች።

ኤኤምኤስ1117 የሚባለው ሬጉሌተር (የባትሪውን ቮልቴጅ ለቺፑ የሚያስተካክለው) ለራሱ ብቻ 5 ሚሊ አምፔር ገደማ ይበላል፤ 2500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ በሦስት ሳምንት አለቀ ማለት ነው። በኤችቲ7833 ሬጉሌተር ተካው፣ ቀዩን መብራትም ነቀለ። የሲም ሞጁሉ ቀድሞም በሞስፌት (በኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ማጥፊያ) ኃይሉ ስለሚቆረጥ አልነካውም። ያልተበላሸ ነገር አለመንካቱ ራሱ ያስመሰግነዋል!

የለወጠውን ኮድ ከነማብራሪያው በፍላሽ ሰጠን፣ ለዚያ አምስት ሳንቲም አልጠየቀም። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን። ስትሄዱ ኮዱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቦርድ ብቻ ይዞ ለመጣ ሰው ሥራ አይጀምርም።