ለጤና ጣቢያችን ሲስተር፦ ሲንጀሩ ዛሬም ይሠራል

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ደግሞም ለመጠቆም። በሰፈራችን ጤና ጣቢያ የምትሠራ አንዲት የሥነ አእምሮ ነርስ አለች። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ አደራ ብላኛለች፤ አደራዋን እጠብቃለሁ። ስለዚህ እዚህ ሲስተር እያልኩ ልቀጥል። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሽሮ ሜዳ፣ የሀበሻ ቀሚስ። ጥልፍ ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ያረፈችው በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ። ሠልስቷ አለፈ፣ ድንኳኑ ተነሣ፣ አርባዋ ወጣ፣ ሰማንያዋም ወጣ። የእድራችን ሰዎች እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ አልተለዩኝም። ግን ሁሉም ወደ ኑሮው መመለስ አለበት። ሁሉም ተመለሰ። እኔ መመለስ አቃተኝ።

ለቅሶ ቢሆን ጥሩ ነበር። ለቅሶን ሰው ያውቀዋል፣ አብሮሽ ያለቅሳል። የእኔ ግን ባዶነት ነበር። ቡና ይፈላል፣ ሽታው ይመጣል፣ ምንም አይለኝም። ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ታወራኛለች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ያለችውን አልሰማም። የደንበኞች ሸማ ጥግ ላይ ተቆልሏል። ሲንጀሩን በነጠላ ሸፍኜዋለሁ። ጠዋት ስነቃ "ዛሬስ እሠራለሁ" እላለሁ። ትንሽ ፍላጎቱ ይምጣልኝ ብዬ እጠብቃለሁ። አይመጣም። ይመሻል። ከመሸ በኋላ ራሴን ስወቅስ አድራለሁ።

ሰዉ የመሰለውን ይላል። "በርቺ እንጂ" ይሉኛል። "ሰነፈች" ያሉም አሉ። ዓይን ነው፣ መተት ነው ያለም አልጠፋም። እንጦጦ ጸበል ሄድኩ፣ ለጊዜው ቀለል አለኝ። አንድ ክሊኒክ ደግሞ የቫይታሚን መርፌ ወግተው ብዙ ብር አስከፍለው ሸኙኝ። ምን እንደሆንኩ ግን ማንም አልጠየቀኝም። "በርቺ" የሚለው ቃል በክፋት አይባልም፣ አውቃለሁ። ግን መበርታት ያቃተውን ሰው በርቺ ማለት፣ እግሩ የተሰበረን ሰው ሩጥ እንደ ማለት ነው። እባካችሁ ይህን ቃል ስትናገሩ ሰውየውን አንዴ ልብ ብላችሁ እዩት።

ሐምሌ ላይ ጎረቤቴ እጄን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። "አማኑኤል ልትወስጂኝ ነው?" አልኳት። ያኔ የአእምሮ ሕክምና ሲባል ሌላ የማውቀው ቦታ አልነበረም። እሷ ግን ካርድ ክፍሉን አልፋ በኮሪደሩ መጨረሻ ወዳለች አንዲት ጠባብ ክፍል አስገባችኝ። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር። በሩ አይዘጋም። ሲስተር ሦስተኛ ወንበር ከውጭ አምጥታ በሩን በውስጥ በኩል ደገፈችበት፣ ሰው እንዳይገባብን። ከዚያ ተቀመጠች፣ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፣ "እሺ እህቴ፣ እየሰማሁሽ ነው" አለችኝ። በስድስት ወር ውስጥ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ እንቅልፌ እና ስለ ምግቤ ነው። ቀጥላ ደም አስመረመረችኝ። የደም ማነስ ወይም የታይሮይድ ችግርም ሰውን እንዲህ ሊያደክመው ስለሚችል፣ እሱ ሳይታይ ወደ ሌላው አንሄድም አለች። ውጤቱ ደህና ሆነ። ከዚያ 9 ጥያቄ ያለው አንድ ወረቀት አወጣች። ስላለፉት 2 ሳምንታት ነው የሚጠይቀው። ነገር የማስደሰት አቅሙን አጥቶብሻል? እንቅልፍ እምቢ ብሎሻል? ራስሽን ትወቅሻለሽ? ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፣ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። የእኔ 17 መጣ።

ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ድምጿን አልቀነሰችም፣ ዓይኗንም አላሸሸችም። "ብሞት ይሻለኛል ብለሽ አስበሽ ታውቂያለሽ?" አለችኝ። ዝም አልኩ። ከዚያ "ባልነቃ የምልበት ቀን አለ" አልኳት፣ አለቀስኩም። ብዙ ሰው ይህን መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ጭንቅላት ውስጥ መትከል ይመስለዋል። ጥናቶች የሚያሳዩት ግን መጠየቅ እንደማይተክል ነው። እኔ ከላዬ ሸክም እንደ ወረደልኝ ነው የተሰማኝ። የዚያን ዕለት ሳልወጣ ማን አብሮኝ እንደሚያድር፣ ሌሊት ከባሰብኝ ለማን እንደምደውል፣ የት እንደምሄድ ጽፈን ተለያየን። ጎረቤቴም ተጠርታ ሰማች። ጸበሌንም አነሣሁባት፣ ትቆጣለች ብዬ። "እሱንም አትተዪ፣ ይሄንንም አትተዪ" አለችኝ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ነው "ድባቴ" የሚለውን ቃል የነገረችኝ። ድብርት ሁላችንንም ይጎበኘናል፣ ዝናቡ ሲበዛም ይደብረናል። ድባቴ ግን ሳምንታት የሚቆይ፣ ሥራንም እንቅልፍንም የሚነጥቅ ሕመም ነው አለች። ወረቀት ላይ ክብ ሠራች። ሰው ይከፋዋል፣ ስለከፋው ነገሮችን ይተዋል፣ ስለተዋቸው የሚያስደስተው ነገር ይጠፋል፣ ስለጠፋ የባሰ ይከፋዋል። "አንቺ ፍላጎቱ እስኪመጣ እየጠበቅሽ ነው። በዚህ ሕመም ግን ፍላጎት ቀድሞ አይመጣም። ሥራው ይቀድማል፣ ፍላጎቱ ከኋላ ይከተላል።"

የመጀመሪያው የቤት ሥራዬ 10 ደቂቃ በር ላይ ፀሐይ መሞቅ ነበር። ፊቴን ታጥቤ። በቃ። ሁለተኛው ሲንጀሩን ገልጬ ዘይት ማጠጣት። "እንዳትሰፊ" አለችኝ፣ "ዘይት ብቻ።" ስኩዌር ደብተር ሰጠችኝ። ሰዓቱን እጽፋለሁ፣ ያደረግኩትን እጽፋለሁ፣ ጎኑ ላይ ሁለት ቁጥር ከ0 እስከ 10 አስቀምጣለሁ፦ ምን ያህል ደስ አለኝ፣ ምን ያህል ተወጣሁት። ከመጀመሬ በፊት ደግሞ ምን ያህል ደስ ይለኛል ብዬ እንደምገምት እጽፋለሁ።

የዘይቱን ቀን አልረሳውም። ነጠላውን ስገልጠው አቧራ ተነሣ። ዘይቱን በየቀዳዳው ጠብ ጠብ አደረግኩ። መዘውሩን በእጄ አዞርኩት፣ መጀመሪያ ተንቀራፈፈ፣ ከዚያ ለሰለሰና ያንን ድምፁን አሰማኝ፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ደብተሩ ላይ ግምቴ 0 ነበር። ከሠራሁ በኋላ ደስታ 3፣ መወጣት 6 ብዬ ጻፍኩ። ሲስተር ያንን መስመር በጣቷ እየነካች፣ "አየሽ? ሕመሙ ነው 0 ያለሽ። እጅሽ ሌላ ነገር ነው የነገረሽ" አለችኝ።

ሲሻለኝ ስለዚህ ሕክምና አነበብኩ። ሥሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፒተር ሌዊንሶን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ሰው ደስ ከሚያሰኘው ነገር ጋር ሲቆራረጥ ድባቴው እንደሚጸና አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1996 ኒል ጃኮብሰን እና ባልደረቦቹ በ150 ሕሙማን ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ሰውን ወደ እንቅስቃሴ መመለስ ብቻውን፣ ሐሳብንም ጭምር ከሚያርመው ሙሉ ሕክምና የማያንስ ውጤት አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ በ440 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ወጣ። ይህን ሕክምና የሰጡት ለረጅም ዓመት የተማሩ የሥነ ልቦና ሐኪሞች አልነበሩም፤ አጭር ሥልጠና የወሰዱ ጀማሪ የጤና ሠራተኞች ነበሩ። ውጤታቸው ሐሳብን የሚያርመውን ሕክምና ከሰጡት ሐኪሞች አላነሰም፣ ወጪውም ቀለለ። ይህን ሳነብ ያቺ በሯ የማይዘጋ ክፍል ናት የታወሰችኝ። ብዙዎቻችን ትልቅ ሆስፒታል እና ትልቅ ስም እንፈልጋለን። የእኔን ሕይወት የመለሰችው ግን የጤና ጣቢያ ነርስ ናት።

ከሁሉ በላይ ግን የማመሰግናት ስለ ቃላቱ ነው። እንዴት ነሽ ስትለኝ "ደብሮኛል" ነበር መልሴ ሁልጊዜ። አንድ ቀን "ደብሮኛል አትበይኝ ዛሬ" አለችኝ። "አማርኛችን ስንት ቃል አለው። ከፋሽ? ቅር አለሽ? ሆድሽ ባባ? ሆድ ባሰሽ? ባር ባር አለሽ? ቆጨሽ? ናፈቀሽ?" አንድ በአንድ እየጠራች ጠበቀችኝ። "ቆጨሽ" ላይ ስትደርስ አንጀቴ ተላወሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለጥምቀት እናቴ አዲስ ቀሚስ እንድሰፋላት ጠይቃኝ ነበር። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" እያለች። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው፣ የሙሽሮች ትዕዛዝ ተደራርቦብኝ ነበር። "ነገ እማዬ፣ ነገ" እላታለሁ። ጥምቀትን በአሮጌው ቀሚሷ ወጣች። በሳምንቱ ሞተች። ያ ቀሚስ ግማሽ ጥልፉ ብቻ ተሠርቶ ሲንጀሩ ላይ ነበር። ነጠላ የሸፈንኩበት እሱን ላለማየት ነው። ይህን ለእድሮቹም፣ ለንስሐ አባቴም፣ ለራሴም ተናግሬው አላውቅም።

ስሜትን በስሙ መጥራት ቀላል ነገር ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2007 ማቲው ሊበርማን እና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት አለ። ሰዎች የፈራ ወይም የተቆጣ ፊት እያዩ ስሜቱን በቃል ሲሰይሙት፣ አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል መቆጣቱ ይቀንሳል። እኔ አንጎሌን አላየሁትም። የማውቀው፣ ባዶነት ስለው የነበረው ነገር ቁጭት እንደሆነ ባወቅሁ ቀን ሌሊቱን መተኛቴን ነው።

መንገዱ ቀጥ ያለ አልነበረም። የእንቁጣጣሽ ሳምንት ወደ አልጋዬ ተመለስኩ። እናቴ የሌለችበት የመጀመሪያ ዓመት መለወጫ ነበር፤ ዶሮውን የምትሠራው እሷ ነበረች። ቀጠሮዬን ቀረሁ። ሲስተር ደወለች። አልተቆጣችኝም። "ያልሠራሽበትን ቀንም ጻፊው፣ እሱም መረጃ ነው" አለችኝ። በማግስቱ ባዶ ገጾች ይዤ ሄድኩ፣ ከዚያው ጀመርን።

ወደ ስፌት ስመለስ የደንበኛ ትዕዛዝ እንዳላስቀድም መከረችኝ። ገንዘብ የሌለበት፣ እኔ የምፈልገው ነገር ይሁን አለች። በኋላ ሳነብ ይህም መሠረት እንዳለው አየሁ። እ.ኤ.አ. በ1971 ኤድዋርድ ዴሲ የሚባል ተመራማሪ ተማሪዎችን እንቆቅልሽ አሠርቶ ለአንዱ ቡድን ለፈታው ልክ ከፈለ። ክፍያው ሲቆም እነዚያ ልጆች በራሳቸው ጊዜ እንቆቅልሹን መንካት ቀነሱ። ለ19 ዓመት ለብር ሰፍቻለሁ፣ ብሩም ልጄን አሳድጎልኛል። ጥልፍ ድሮ እናቴ ጭን ሥር ተቀምጬ ደስ ብሎኝ የምሠራው መሆኑን ግን ረስቼው ነበር። ከጎረቤቴ ልጅ ለተወለደችው ሕፃን ትንሽ ነጠላ ጠለፍኩ። ደስታ 7 ጻፍኩ። ከዚያ የእናቴን ቀሚስ አነሣሁ።

ይህ መንገድ ብቻውን ለሁሉም ይበቃል አልልም። ሲስተርም አትልም። በጥቂት ሳምንት ለውጥ ካላየን ሐኪም ጋር ሄደን ስለ መድኃኒት እንነጋገራለን ብላኝ ነበር። እኔ ሳያስፈልገኝ ቀረ። ወረፋ ላይ የተዋወቅኳት እህት ግን መድኃኒት ጀምራ ነው የዳነችው፣ ዛሬ ሥራዋ ላይ ናት። መድኃኒት የምትወስዱ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። ሌሊት ሞትን የምትመኙ ካላችሁ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ አሁኑኑ አጠገባችሁ ላለ ሰው ተናገሩና ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ኅዳር ላይ 9ኙን ጥያቄ እንደገና ጠየቀችኝ። 5 መጣ። ወረቀቱን ከሐምሌው ጎን አስቀመጠችልኝ፣ ሁለታችንም ዝም ብለን አየነው። ነጠላ ጠልፌ ወስጄላት ነበር፣ አልቀበልም አለች። "ከታካሚ ስጦታ አልወስድም። ከፈለግሽ ለሰው ንገሪ" አለችኝ። ይኸው እየተናገርኩ ነው።

የእናቴን ቀሚስ ልጄ በ2017 ዓ.ም. ጥምቀት ለበሰችው። እማዬ ረጅም ስለነበረች ከታች አራት ጣት ያህል አሳጠርኩት። የተረፈውን ጨርቅ አልጣልኩትም።

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። በርሽንም የሚጠግንልሽ ሰው ይስጥሽ።

ለምትሄዱ፦ ሰኞ፣ ረቡዕ እና ዓርብ ጠዋት ትገኛለች። ከ2 ሰዓት በፊት ድረሱ፣ ወረፋ አለ። የጤና መድኅን ደብተር ያላችሁ ያዙት፣ እኔ በእሱ ነው የታከምኩት። ካርድ ክፍል "የአእምሮ ጤና" በሉ፣ ማንም አያይባችሁም፣ ሁሉም ለራሱ ጉዳይ ነው የመጣው። ሌላ ሰፈር ያላችሁም በአቅራቢያችሁ ጤና ጣቢያ እንዲህ ያለ ክፍል ካለ ጠይቁ። ስኩዌር ደብተር ደግሞ የራሳችሁን ግዙ፤ እሷ ከኪሷ እየገዛች ነው የምታድለው።