«5.1 ሪሚክስ» ብለው ስቴሪዮ ሸጡልኝ፤ እናንተ እንዳትሸወዱ

መጀመሪያ ልናዘዝ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ወድጄው ነበር። ዲስኩ በ1960ዎቹ መጨረሻ (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተቀረፀ የሳይኬዴሊክ ሮክ አልበም ነው። የሻጩ ማስታወቂያ «ከዋናው ቴፕ እንደ አዲስ የተሠራ 5.1 ሪሚክስ» ይላል፤ ማለትም በሁለት ስፒከር (በስቴሪዮ) ፋንታ በዙሪያችሁ ላሉ አምስት ስፒከሮችና ለአንድ ሰብዉፈር (የወፍራም ድምፅ ስፒከር) እንደገና የተቀናበረ፤ ዋጋው የተራውን ሲዲ ሦስት እጥፍ። መብራት አጥፍቼ፣ ከስፒከሮቹ መሃል ተቀምጬ፣ ኦርጋኑ ከጀርባዬ ሲመጣና ጊታሩ ጭንቅላቴን ሲዞረው «አበጀሁ!» አልኩ። ለጓደኞቼም አወራሁ። አንዱ በእኔ ምክር ገዝቷል፤ እስካሁን ዓይኑን ማየት ያሳፍረኛል።

ጉዱ የወጣው ቤት ሳጸዳ ነው። የፊት ስፒከሮቹን ገመድ ነቅዬ ረስቼው ዲስኩን ከፈትኩት። ከኋላዎቹ ብቻ የሚወጣውን ያኔ ሰማሁ። ዘፋኙ የለም፣ ቤዝ የለም፣ ትልቁ ከበሮም የለም። ያለው የዘፋኙ የገደል ማሚቶና ውሃ ውስጥ የተነከረ የሚመስል የሲምባል ድምፅ ብቻ ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ላስረዳ። በስቴሪዮ ሚክስ ውስጥ ድምፃዊው፣ ቤዙና ትልቁ ከበሮ ብዙ ጊዜ መሃል ላይ ናቸው፤ በግራም በቀኝም እኩል አሉ ማለት ነው። ግራውን ከቀኙ ስትቀንሱት መሃል ያለው ይሰረዝና ማሚቶው እንዲሁም ዳር ዳር የነበረው ይተርፋል። ያንን ትርፍራፊ ወደ ኋላ ስፒከር መላክ ነው የእኔ ሻጭ «ሪሚክስ» ያለው። ይህን ሥራ እኮ ቤታችሁ ያለው ሪሲቨር (ስፒከሮቹ የሚሰኩበት ማጉያ) በነፃ ይሠራዋል! ስቴሪዮን ወደ ዙሪያ ድምፅ የሚቀይረው ዶልቢ ፕሮ ሎጂክ 2 ከ2000 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ይፈልጋል።

ታዲያ ለምን ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ? ሙዚቃው ራሱ ለማታለያው ጥሩ መደበቂያ ስለሆነ ነው። የቫዮሊን ኳርቴት ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ደቂቃ እነቃ ነበር። እዚህ ግን ፌዚንጉ (ድምፁን እንደ ማዕበል የሚያወዛውዘው ኢፌክት)፣ ወደ ኋላ የሚዞረው ቴፕ፣ ከጥግ ጥግ የሚሮጠው ጊታር ሁሉም የዘውጉ ጠባይ ነው። የተበላሸው ድምፅ ሲንቦጫረቅ «እንዴት ያለ ኢፌክት!» ብዬ አደነቅኩ። አሁን ደግሞ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መሣሪያዎችን ከስቴሪዮ ለያይተው የሚሸጡ መጥተዋል። ከቀድሞው የተሻለ ነው፤ ግን ከዘፋኙ ድምፅ ጭራ ላይ የሲምባል ቁራጭ ተንጠልጥሎ ትሰማላችሁ። ይህን «ከማስተር ቴፕ» ብሎ መሸጥም ያው ማጭበርበር ነው።

እውነተኛው ሪሚክስ መነሻው ባለብዙ ትራክ ቴፕ ነው፤ መሣሪያዎቹ በየራሳቸው መስመር (ትራክ) ተለይተው የተቀረፁበት ማለት ነው፤ የሠራው ሰውም ስም አለው። የእንግሊዙ ባንድ ፒንክ ፍሎይዶች በግንቦት 1967 ለንደን ኩዊን ኤልዛቤት ሆል ውስጥ ድምፅን በአዳራሹ ዙሪያ የሚያሽከረክር መቆጣጠሪያ ይዘው ቀርበዋል፤ ዙሪያ ድምፅ ለእነሱ ኋላ የተለጠፈ ጌጥ አልነበረም። አልበማቸው «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን» በ1973 ሲወጣ የአራት ቻናሉን (ለአራት ስፒከር የተሠራውን) ሚክስ የሠራው አለን ፓርሰንስ ነው፤ በ2003 በኤስኤሲዲ (የራሱ ማጫወቻ በሚፈልግ የላቀ የሲዲ ዓይነት) የወጣውን 5.1 ደግሞ ጀምስ ጉትሪ። ሁለቱን አስተያይቶ የትኛው ይሻላል ብሎ መከራከር ይቻላል (እኔ የፓርሰንስ ወገን ነኝ)። የእኔን ዲስክ ግን ማን እንደሠራው ሽፋኑ ላይ አንድ መስመር አልተጻፈም። ይኼ ብቻ ሊያነቃኝ ይገባ ነበር።

ሌላው መጠየቅ ያለበት የትራክ ቁጥር ነው። ቢትልሶች በ1967 ያወጡትን «ሳርጀንት ፔፐርስ» አልበም የቀረፁት በአራት ትራክ ነው። አራቱ ሲሞላ ጨምቀው ወደ ሌላ ቴፕ ይገለብጡና ይቀጥላሉ። የሙዚቃ አቀናባሪው (ፕሮዲዩሰሩ) ጃይልስ ማርቲን በ2017 እንደገና ሲያቀናብረው ከመጨመቃቸው በፊት የነበሩትን ቴፖች መልሶ ማውጣት ነበረበት፤ ያን ማድረግ የቻለው ቴፖቹ ስለተጠበቁ ነው። ስለዚህ የዚያ ዘመን አልበም ይዞ «እያንዳንዱ መሣሪያ በየጥጉ» የሚላችሁ ሻጭ ቴፑን ከየት እንዳገኘው ጠይቁት።

ገዝታችሁ ከሆነ የእኔን ፈተና ሞክሩ፤ ገመድ መንቀል ግን አያስፈልግም። መጀመሪያ ሪሲቨራችሁ ላይ ያለውን የሰራውንድ (የዙሪያ ድምፅ) ማስመሰያ ሁሉ አጥፉ፤ አለበለዚያ አታላዩ ራሱ ሪሲቨሩ ይሆናል። ከዚያ የፊቶቹን ዝም አሰኝታችሁ የኋላዎቹን ብቻ ስሙ። እውነተኛ ሚክስ ከሆነ ከኋላ የሚመጣው ነገር ብዙ ጊዜ ምሉዕ ነው፤ ጊታር ከሆነ ጊታር፣ ኮረስ ከሆነ ኮረስ። በ60ዎቹ አንዳንድ ስቴሪዮዎች ድምፃዊውን አንድ ጥግ ላይ ስለሚጥሉት ይህ ፈተና ብቻውን ላይበቃ ይችላል፤ የኋላው ድምፅ የፊቱ ቅጂ ሆኖ ጥቂት ብቻ ዘግይቶ የሚመጣ መሆኑንም አዳምጡ። የመሃሉ ስፒከር ዝም ስላለ ግን ወዲያው አትክሰሱ፤ የ1970ዎቹ ኳድ (ያ የፓርሰንስ ዓይነት ሚክስ) አራት ቻናል ብቻ ስለሆነ መሃልም ሰብዉፈርም የለውም። ኤስኤሲዲ ተራ ሲዲ ማጫወቻ ውስጥ ገብቶ ስቴሪዮ ብቻ ቢያሰማም ጥፋቱ የሻጩ አይደለም። የዲቲኤስ ሲዲ (ዙሪያ ድምፅ በኮድ የተቀመጠበት ሲዲ) ኮዱን በማይፈታ ተራ ማጫወቻ ከተጫወተ የሚያሰማው ኃይለኛ የ«ሽሽሽ» ጫጫታ ነው፤ ምን ሆነ ብላችሁ ድምፁን እንዳትጨምሩ።

ሕጋዊ ሆኖ የሚያናድድም አለ። ትክክለኛው ሰራውንድ ያለበት አንድ ዲስክ በሸክላ፣ በፎቶ መጽሐፍና በኮተት በተሞላ ትልቅ ሳጥን ውስጥ ታሽጎ ይሸጣል። በ2011 የወጣው የ«ዳርክ ሳይድ» ሳጥን ብይና ሻርፕ ሳይቀር ነበረው። በ2023 ደግሞ የ50ኛ ዓመቱ ሳጥን በመጋቢት ወጣ፤ ውስጡ ያለው የአትሞስ (ከላይም ድምፅ የሚጨምር አዲሱ የዙሪያ ድምፅ ዓይነት) ብሉሬይ ዲስክ ያው ዓመት ሳያልቅ ለብቻው ተሸጠ። ብይ የማትጫወቱ ከሆነ ጥቂት ወር ታገሡ።

ወደ እኔ ሻጭ ስመለስ፣ የኋላ ስፒከሮቹን ብቻ ቀርጬ ላክሁለትና ገንዘቤን ጠየቅሁ። «ማሸጊያው ተከፍቷል» ብሎ እምቢ አለ። ሳይከፈት እንዴት ይሰማል ብዬ ብጽፍ መልስ የለም። ትናንት ማስታወቂያውን ሳየው ግን «ከዋናው ቴፕ» የሚለው ወጥቶ «የ5.1 ስሜት የሚሰጥ» የሚል ገብቷል፤ ዋጋው ያው ነው።