ቁርጥ ዋጋ፣ ቁርጥ ቀን፦ የስፔስኤክስ የጋራ ሳተላይት ጭነትና ከጀርባው ያሉት ሴት

ትንሽ ሳተላይት ሠርቶ ምህዋር ላይ ለማድረስ ዛሬ ከሚገኙት መንገዶች በዋጋ የአሜሪካውን የሮኬት ኩባንያ የስፔስኤክስን «ትራንስፖርተር» በረራ የሚያህል ማግኘት ይከብዳል። በአንድ ፋልከን 9 ሮኬት ላይ የብዙ ደንበኞች ሳተላይቶች አብረው ይሳፈራሉ፤ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 የተደረገው የመጀመሪያው በረራ 143 ሳተላይቶችን ይዞ ነው የወጣው። የዋጋ ዝርዝሩ ድረ ገጹ ላይ ተለጥፏል። በ2025 ታሪፍ እስከ 50 ኪሎ ለሚመዝን 325,000 ዶላር፣ ከዚያ በላይ ላለው ደግሞ በኪሎ 6,500 ዶላር ይከፈል ነበር። በዲሴምበር 2019 ከቻይና ታይዩዋን ጣቢያ የተወነጨፈችው የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ክብደቷ 70 ኪሎ ገደማ ነበር፤ በዚህ ታሪፍ ብትሰላ የማስወንጨፊያ ዋጋዋ 455,000 ዶላር ይመጣል። ሮኬት ላብ የተባለውን ሌላ ኩባንያ ኤሌክትሮን ሮኬት ለብቻ መከራየት ግን ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስወጣል።

ዋጋው እንዲህ ቁርጥ የሆነበትን፣ ውሉም እንዲህ የጠበቀበትን ምክንያት ለማወቅ የኩባንያውን ፕሬዚዳንትና ዋና የሥራ ማስኬጃ ኃላፊ የግዊን ሾትዌልን የሥራ ታሪክ ማየት ይጠቅማል። ሾትዌል በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ በመካኒካል ምህንድስና የመጀመሪያ፣ በአፕላይድ ማቲማቲክስ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይዘዋል። መኪና አምራቹ ክራይስለር ዘንድ ጥቂት ከሠሩ በኋላ ኤሮስፔስ ኮርፖሬሽን ገብተው ከአስር ዓመት በላይ ቆዩ። ይህ መሥሪያ ቤት ራሱ ሮኬት አይሠራም፤ የአሜሪካ መንግሥት የሚገዛቸውን ሮኬቶችና ሳተላይቶች ይመረምርለታል እንጂ። ሾትዌልም እዚያ የሙቀት ትንተናና ወደ ከባቢ አየር ተመልሰው የሚገቡ መንኮራኩሮች አደጋ ላይ ነበር የሚሠሩት። ስለዚህ ሮኬት መሸጥ ከመጀመራቸው በፊት ለዓመታት በገዢ ወገን ተቀምጠው ሻጭን ሲጠይቁ ኖረዋል ማለት ነው። ማይክሮኮዝም በሚባል አነስተኛ ኩባንያ ካለፉ በኋላ በ2002 ስፔስኤክስን በቢዝነስ ዴቨሎፕመንት ምክትል ፕሬዚዳንትነት ተቀላቀሉ። ኩባንያው ያኔ የሠራተኛው ቁጥር ከጣት ብዙም አያልፍም ነበር።

የሾትዌል ችሎታ የሚለካው ያልበረረ ሮኬት በመሸጥ ነው። የኩባንያው የመጀመሪያ ትንሽ ሮኬት ፋልከን 1 ነበር፤ የመጀመሪያው በረራ በማርች 2006 የወደቀው አንዲት የአሉሚኒየም ማጥበቂያ በባሕር ጨው ተበልታ ነዳጅ ስላንጠባጠበች ነው። ሁለተኛው በታንክ ውስጥ በነዳጅ መናወጥ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱ እርከኖች (ተራ በተራ የሚሠሩት የሮኬቱ ክፍሎች) ከተለያዩ በኋላ የታችኛው በቀሪ ግፊቱ ላይኛውን ስለገጨ ጠፉ። የተሳካው አራተኛው ነው፤ ሴፕቴምበር 28 ቀን 2008። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ናሳ 12 የጭነት በረራዎችን በ1.6 ቢሊዮን ዶላር ፈረመ፤ ጭነቱን የሚወስደው ፋልከን 9 ገና አንድም ቀን አልበረረም። ሾትዌል ፕሬዚዳንት የሆኑት በዚሁ ወቅት ነው። ፋልከን 9 በጁን 2010 ለመጀመሪያ ጊዜ በበረረ በዚያው ወር ደግሞ የሳተላይት ስልክ ኩባንያው ኢሪዲየም የ492 ሚሊዮን ዶላር ውል ገባ። ውሉ 75 ሳተላይቶችን በስምንት በረራ አውጥቶ የተጠናቀቀው በጃንዋሪ 2019 ነው። ዓመታት ዘግይቷል፤ ግን አንድም ሳተላይት በማስወንጨፍ ላይ አልጠፋም። ከዚህ ኩባንያ ጋር የሚዋዋል ሰው ይህን ልብ ይበል፦ ቀን ይንሸራተታል፣ ዕቃው ይደርሳል።

ትናንሽ ደንበኞችን በተመለከተ ግን ታሪኩ ይህን ያህል አያኮራም። ፋልከን 1 በ2009 የማሌዢያን ሳተላይት ራዛክሳት ካወጣ በኋላ ሥራ አቆመ፤ ለትንሽ ሳተላይት የቀረው በትልቅ ጭነት ጎን ተለጥፎ መሄድ ሆነ። ይህ ምን እንደሚመስል የሳተላይት መገናኛ ኩባንያው ኦርብኮም በኦክቶበር 2012 አይቶታል። ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ጭነት ይዞ በወጣው ፋልከን 9 ላይ ከዘጠኙ ሞተሮች አንዱ 79ኛው ሰከንድ ላይ ጠፋ። የናሳ ጭነት በሰላም ደረሰ። የኦርብኮምን ሳተላይት ወደ ከፍተኛው ምህዋር ለማድረስ ግን ሁለተኛው እርከን እንደገና መቀጣጠል ነበረበት፤ የቀረው ነዳጅ ደግሞ ለጣቢያው ደኅንነት ናሳ ያስቀመጠውን መስፈርት ስላላሟላ አልተፈቀደም። ሳተላይቱ ዝቅተኛ ምህዋር ላይ ቀርቶ በቀናት ውስጥ ተቃጠለ። ትራንስፖርተር ላይ እንዲህ ያለ «ዋና ጭነት» የለም፤ ሁሉም እኩል ተሳፋሪ ነው። ከዋጋው ቅናሽ ይልቅ አገልግሎቱን የሚያስመሰግነው ይኼ ነው።

እኩል ተሳፋሪ መሆን ግን መዘዝ አለው። እንደ አገር አቋራጭ አውቶቡስ መነሻው ሰዓት ከደረሰ አንድን ሰው አይጠብቅም። ሳተላይቱ ካልደረሰ የተከፈለው ገንዘብ ወደሚቀጥለው በረራ ይዛወራል፣ የማዛወሪያ ክፍያም ሊኖር ይችላል። ምህዋሩም የጋራ ነው፦ ከ500 እስከ 600 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ አንድን ቦታ ሁልጊዜ በተመሳሳይ የፀሐይ ሰዓት የሚያልፍ የዋልታ ምህዋር። ለእርሻና ለደን ፎቶ ተስማሚ ነው፤ ጥላው ስለማይለዋወጥ የዛሬውን ምስል ካምናው ማነጻጸር ያስችላል። ኢትዮጵያን ደጋግሞ ማየት ለሚፈልግ ግን በ2024 የተጀመረው ሌላው የኩባንያው የጋራ በረራ «ባንድዋገን» ይሻላል። 45 ዲግሪ ገደማ ያዘነበለው ምህዋሩ ከምድር ወገብ ብዙ በማይርቁ አገሮች ላይ ከዋልታው ይበልጥ ቶሎ ቶሎ ይመለሳል፤ የሚያልፍበት ሰዓት ግን ከቀን ወደ ቀን ይቀያየራል። ሌላ ከፍታ የሚፈልግ የራሱን ግፊት ሰጪ ሞተር መግጠም አለበት፤ ካልሆነ ሳተላይቶችን ከሮኬቱ ተቀብለው በየቦታቸው ለሚያደርሱ ኩባንያዎች ተጨማሪ መክፈል አለበት።

325,000 ዶላሩ የማይሸፍነውን ሳያውቁ በጀት የሚይዙ ብዙ ናቸው። ሳተላይቱን ከሮኬቱ የሚያላቅቀው መሣሪያ፣ ኢንሹራንስ፣ ነዳጅ መሙላት፣ እስከ ጣቢያው ማጓጓዝና ጉምሩክ ሁሉም ለብቻ ናቸው። ሳተላይቱ ከሮኬቱ ጋር የሚታሰርበት ማሰሪያ 8፣ 15 ወይም 24 ኢንች ስፋት ያለው ክብ ቀለበት ነው፤ የ15 ኢንቹ 24 ብሎን ይወስዳል። የብሎኖቹ ቀዳዳ በጥቂት ቢዛነፍ እንኳ ስህተቱ የሚታወቀው ሁለቱ ክፍሎች ሲገጠሙ ነው፤ ስለዚህ የግጥም ሙከራው ሳተላይቱ ከአገር ሳይወጣ መደረግ አለበት። ከዚያ የንዝረት ፈተና አለ። ኩባንያው ለጋራ ጭነት ባሳተመው መመሪያ በየድግግሞሹ ምን ያህል ንዝረት እንደሚደርስ በሰንጠረዥ ተቀምጧል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ችግር የሚፈጥሩት ሙጫ ያልተደረገላቸው ትናንሽ ብሎኖች፣ የሚላቀቁ የሽቦ ማገናኛዎችና የታጠፉ የፀሐይ ሰሌዳዎችን ይዘው የሚቆዩ ማጥበቂያዎች ናቸው። ሬዲዮውም ከሮኬቱ እስኪለይ ድረስ ዝም ማለት አለበት፤ በዙሪያው የሌላ ሰው ሳተላይት አለና።

10 በ10 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነች ኩብሳት (ትንሽ ሣጥን መሰል ሳተላይት) ያለው ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ባይገዛ ይመረጣል፤ አምስት ኪሎ ለማይሞላ ዕቃ የ50 ኪሎ ዋጋ መክፈል ነው። ቦታውን በጅምላ ገዝተው የሚያከፋፍሉ አገናኝ ኩባንያዎች መልቀቂያ ሣጥኑንም ወረቀቱንም አብረው ይጨርሳሉ። የኬንያዋ ሳተላይት ታይፋ-1 ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ከካሊፎርኒያ ቫንደንበርግ በትራንስፖርተር-7 የወጣችው በዚህ መጠን ነው፤ በአየር ጠባይ የተነሳም ቀኗ ተገፍቷል።

ስለ አስተማማኝነቱ ሦስት አደጋዎች ይጠቀሳሉ። በጁን 2015 ሮኬቱ አየር ላይ የፈረሰው የሂሊየም ጋን የሚይዝ አንድ የብረት ድጋፍ ከተፈቀደለት ጭነት በጣም ባነሰ ኃይል ስለተሰበረ ነው። በሴፕቴምበር 2016 ለሞተር ሙከራ ነዳጅ ሲሞላ ፈንድቶ ከላዩ የተጫነውን የእስራኤል አሞስ-6 ሳተላይት ይዞ ወደመ። ከዚያ ወዲህ የደንበኛ ሳተላይት ተጭኖ ሙከራ ማድረግ ቀረ፤ ባለንብረቱ ስፔስኮምም በ2019 አሞስ-17ን ያለ ተጨማሪ ክፍያ አስወነጨፈ። በጁላይ 2024 ደግሞ በአንዲት የግፊት መለኪያ ቱቦ ላይ በደንብ ያልጠበቀች ማሰሪያ ስንጥቅ አስከትላ ሁለተኛው እርከን 20 የኩባንያውን የራሱን የስታርሊንክ ሳተላይቶች ዝቅ ያለ ምህዋር ላይ ጥሎ ቀረ። በረራ የተቋረጠው ለሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው። መንስኤን ፈልጎ፣ አርሞ፣ ቶሎ መመለስ ላይ ይህን ኩባንያ የሚወዳደረው አላየንም።

ከበረራው በኋላ የሚመጣው ራስ ምታት ብዙም አይወራም። ከመቶ በላይ ሳተላይት በአንድ ሰዓት ውስጥ ሲበተን በራዳር ከሚታዩት ነጥቦች የትኛው የማን እንደሆነ ለመለየት ሳምንታት የሚፈጅበት ጊዜ አለ። ጂፒኤስ መቀበያ መግጠምና ከመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጀምሮ አጭር መለያ ምልክት ማስተላለፍ ይረዳል። እንጦጦ ላይ ያለው ዓይነት ትልቅ የሳተላይት መቀበያ አንቴና ጠባብ ቦታ ብቻ ስለሚያይ፣ ለፍለጋው ጊዜ ሰፋ አድርጎ የሚቀበል ትንሽ አንቴና ከጎኑ ማቆም ያስፈልጋል።

ፈቃዱን ከሁሉ አስቀድሙ። የሬዲዮ ድግግሞሹ በአገሪቱ ተቆጣጣሪ በኩል፣ እኛ ዘንድ በኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፣ ለዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት መመዝገብ አለበት፤ ይህ ሳያልቅ ቦታ መያዝ የማዛወሪያ ክፍያን መጋበዝ ነው። በሌላ በኩል ዋጋው ቆሞ አይጠብቅም፤ በ2021 በኪሎ 5,000 ዶላር የነበረው በአራት ዓመት 6,500 ገብቷል። ስለዚህ የሬዲዮ ፈቃድ ማመልከቻውን ሳተላይቱ ገና ንድፍ ላይ ሳለ ማስገባት፣ ውሉን ደግሞ የንዝረት ፈተናው ካለፈ በኋላ መፈረም ይሻላል።